የእርዳታ እህል ለጎጡ ሁሉ እኩል ሲካፈል ምን ይሻላል? (ወሎ)

የደጋው ልጅ (ጥቅምት 4)

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ደሴ ነው፤ ቤተሰቦቼ ግን ደጋው ላይ ናቸው። የወረዳውንና የቀበሌውን ስም አልጠቅስም፤ ሰው ለማሳጣት አይደለም የመጣሁት።

ዘንድሮ በልጉ በእኛ በኩል አልያዘም። ገብሱ ሳያሸት ደረቀ፣ ለክረምቱ የተዘራውንም በረዶ መታው። ቆይቶ የእርዳታ ስንዴ መጣ። ስማቸው የወጣው ከጎጡ ሲሶውን እንኳ የማይሞሉ አባወራዎች ናቸው። ባለስሞቹ ተሰፍሮላቸው ፈርመው ከወሰዱ በኋላ ሽማግሌዎቹ ሰው ሰበሰቡና «የቀረብን ዝናብ አንድ ነው፣ ሁሉም ቤት ይቅመስ» ተባለ። ባለስሞቹ የወሰዱትን መልሰው አመጡ፤ በጣሳ እየተሰፈረ ለየቤቱ እኩል ታደለ።

እናቴም ደርሷታል። እሷ ግን እኔ አለሁላት፤ እህቴም ከጅዳ ትልክላታለች። አጥር የምንጋራት ጎረቤታችን ባሏ ሞቶባት ሦስት ልጆች ብቻዋን ታሳድጋለች። በሬ የላትም፤ መሬቷን ለእኩል ሰጥታለች። ስሟ ዝርዝሩ ላይ ነበር። አሁን እቤቷ የቀረው ሳምንት የሚያደርስ አይደለም። ትንሹ ልጇ በጣም ከስቷል፤ እኛ ቤት ሲሮጥ ይመጣ የነበረ ልጅ ዛሬ ከእናቱ ሥር አይነሳም። እናቴ የደረሳትን ይዛላት ብትሄድ «በስብሰባ የተወሰነውን እሷ አፈረሰች ይሉኛል» ብላ አልቀበልም አለች።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። እንዲህ ማካፈል በመመሪያ ይፈቀዳል ወይ? ካልተፈቀደስ ሰፈሩን ሳላጋጭ ለማን ነው የምናገረው?

ቦርከና (ጥቅምት 4)

ወንድም ዓለም፣ እኔ የቃሉ ቆላ ሰው ነኝ፤ በእኛም ዘንድ እንዲሁ ነው የሚደረገው። ሽማግሌዎቹን በክፉ አትይብኝ። ስሙ በወጣውና ባልወጣው መካከል ያለው ልዩነት ብዙ ጊዜ አንዲት ፍየል ናት። ከርሞ ስሙ የወጣው ሰው በሬ ሲጎድለው የሚቀናጀው ያ ስሙ የቀረው ጎረቤቱ ነው። ሲታመም በቃሬዛ የሚሸከመው፣ ሲሞት የሚቀብረውም እሱ ነው። ለብቻው በልቶ ከከረመ ይሄ ሁሉ ይቀርበታል። ስለዚህ ሰው ስንዴውን መልሶ የሚያመጣው ተገዶ ብቻ አይደለም፤ ነገን እያሰበ ነው።

በ2014 ጦርነቱ እኛ ጋ በደረሰ ጊዜ የሚገባ እርዳታ አልነበረም። የቆየነው ያለው ለሌለው እያካፈለ ነው፤ ሙስሊሙ ለክርስቲያኑ፣ ክርስቲያኑ ለሙስሊሙ። ያንን ልማድ የስም ዝርዝር እንዲሽረው አልፈልግም።

ምግብ ዋስትና (ጥቅምት 5)

በዚህ ሥራ ብዙ ዘመን ቆይቻለሁ፤ የምሠራበትን ወረዳ ግን አልናገርም። በመጀመሪያ የመጣው እህል የትኛው እንደሆነ ይለይ። ሰው ሁለቱን «እርዳታ» እያለ አንድ ያደርጋቸዋል፣ አሠራራቸው ግን የተለያየ ነው።

ሴፍቲኔት በ1997 የተጀመረ ነው። በየዓመቱ ቢያንስ ለሦስት ወር ያህል የሚበላው የሚያልቅበትን ቤተሰብ ይይዛል፤ ዝናብ ቢጥልም ቢቀርም። የሚሠራ ሰው ያለበት ቤት በየወሩ በአንድ የቤተሰብ አባል ሒሳብ አምስት ቀን የሕዝብ ሥራ ይሠራል፤ ክፍያውም ለስድስት ወር በጥሬ ገንዘብ ወይም በእህል ነው። ጧሪ የሌለው ሽማግሌ፣ መሥራት የማይችል ሰው ደግሞ ሳይሠራ ዓመቱን ሙሉ ያገኛል፤ ቀጥታ ድጋፍ የምንለው እሱን ነው። ነፍሰ ጡር ሴት በጤና ባለሙያ ከተረጋገጠላት ከሥራው ትወጣለች፤ ከወለደችም በኋላ ሕፃኑ ቢያንስ ዓመት እስኪሞላው ክፍያዋ ሳይቋረጥ እቤቷ ትቆያለች። በምግብ እጥረት የተጎዳ ልጅ የምታስታምም እናትም እንዲሁ ናት። ይህን ሳያውቁ ሆዳቸው ገፍቶ ድንጋይ የሚሸከሙ ሴቶች አይቻለሁ፤ የሚነግራቸው ሰው በማጣት ብቻ ነው።

አንተ የነገርከን የድንገተኛውን እርዳታ ይመስላል። እሱ የሚመጣው በግምገማ ነው። በልግና መኸር ካለፈ በኋላ ቡድን ወርዶ ሰብሉን፣ የገበያውን ዋጋ፣ የከብቱን ሁኔታ፣ የሕፃናቱን አካል አይቶ የተረጂ ቁጥር ያቀርባል። ቁጥሩ ከቀበሌ ወደ ወረዳ፣ ወደ ዞን፣ ወደ ክልል፣ ከዚያም ወደ ፌዴራሉ አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ይወጣል። እኔ በሠራሁበት ዘመን ተመልሶ የወረደው ኮታ የተጠየቀውን ያህል የሆነበትን ጊዜ አላስታውስም። ጎጡ በሙሉ ርቦት ለሲሶው ብቻ ሲፈቀድ ሽማግሌው ምን ያድርግ? ማካፈል የመጣው ከዚህ ነው። ለጋሽና መንግሥት ያላሟሉት ጉድለት ወርዶ ወርዶ ጎረቤትህ ቤት ላይ አረፈ።

ስሌቱን ተመልከቱት። የአንድ ሰው የወር ድርሻ 15 ኪሎ እህል፣ 1.5 ኪሎ ጥራጥሬና 0.45 ኪሎ ዘይት ነው። እህሉ በቀን ግማሽ ኪሎ ይደርሳል። ያ ለሦስት ሲካፈል በወር 5 ኪሎ ይሆናል፤ በቀን ወደ 170 ግራም ማለት ነው። እናትህ ሌላ የሚመጣላት ስላላት ይሄ ጭማሪ ነው። ለጎረቤትህ ግን ያላት እሱ ብቻ ነው። አሰፋፈሩ እኩል ነው፣ የገባበት ቤት ግን እኩል አይደለም።

ለጥያቄህ፤ አይፈቀድም። እህሉ ስሙ የወጣለት ቤተሰብ ነው። ሰው በገዛ ፈቃዱ ለጎረቤቱ ቢሰጥ የሚከለክለው የለም፤ በስብሰባ ወስኖ ማስመለስ ግን መመሪያው የማያውቀው ነገር ነው። በሰኔ 2015 የአሜሪካ ተራድኦ ድርጅትና የዓለም የምግብ ፕሮግራም «እህሉ ላልታሰበለት ሰው እየዋለ ነው» ብለው በመላ አገሪቱ ሥርጭት ያቆሙትን ታስታውሳላችሁ። እስከ ኅዳርና ታኅሣሥ 2016 ድረስ ስንቱ ቤት ተጎዳ። የዚያኛው ጉዳይ ከጎጥ መካፈል ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ ሆኖም ከዚያ ወዲህ የስም አመራረጡም አሰጣጡም በጥብቅ ነው የሚታየው። በ2017 ደግሞ የአሜሪካው ድርጅት ራሱ ተዘግቷል። ስለዚህ የሚመጣው እህል ገና ያንሳል እንጂ አይጨምርም ብዬ እሰጋለሁ። እያነሰ በሄደ ቁጥር ለማን ይድረስ የሚለው ይበልጥ ያሳስበኛል።

የጤና ኬላዋ (ጥቅምት 5)

የደጋው ልጅ፣ የመመሪያውን ነገር ትደርስበታለህ። ልጁን ግን ዛሬውኑ ወደ ጤና ኬላ ይውሰዱት። አሁኑኑ ለእናትህ ደውል።

ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ያለን ልጅ ክንዱን በጥብጣብ እንለካለን። ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ቀዩ ላይ ነው፤ ክፉኛ ተጎድቷል። ከዚያ በላይ ሆኖ 12.5 ካልሞላ ቢጫው ላይ ነው። ሁለቱም እግሮቹ ያበጡ እንደሆነ፣ በአውራ ጣት ጫን አድርጋችሁ ስትለቁት ጎድጉዶ የሚቀር ከሆነ፣ ጥብጣቡ ምንም ይበል ምን አደጋ ነው። እብጠቱን አይተው «ልጄ ሥጋ አወጣ» ብለው ተደስተው የቆዩ እናቶች መጥተውብኛል።

ቀዩ ላይ ከሆነ መጀመሪያ ፕላምፒናት፣ ማለትም ለተጎዱ ልጆች በከረጢት የሚመጣውን የኦቾሎኒ ምግብ፣ እናቀምሰዋለን። ከበላ በየሳምንቱ እየመጣ እቤቱ ይታከማል፤ ክፍያ የለውም። እምቢ ካለ፣ ወይም ትኩሳት፣ ተቅማጥ፣ ትውከት ካለበት ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ተልኮ ተኝቶ በልዩ ወተት ይታከማል። ሲያገግም ወደ እኛ ይመለሳል።

አሁን ከማካፈሉ ጋር የሚገናኘውን ልንገራችሁ። ፕላምፒናት መድኃኒት ነው፤ የሚሰጠውም በዚያ ልጅ ክብደት ተሰልቶ ነው። እናት ይዛ እቤቷ ስትገባ ግን ሌሎቹ ልጆችም ርቧቸዋል። ለአንዱ ሰጥታ ሌላው ርቦት እያየች ዝም ማለት የምትችል እናት የለችም፤ ታካፍላለች። በሳምንቱ ልጁ ሲመዘን አልጨመረም። ምክንያቱን ስንጠይቅ ብዙ ጊዜ የምናገኘው ይሄንኑ ነው። እሷን መውቀስ አይቻልም፤ እቤት ስንዴ ቢኖር ሌሎቹ ቂጣ በልተው የሱን ለሱ ይተዉለት ነበር። ስብሰባ ላይ የተካፈለው ስንዴ እኔ ጋ የሚታየው በልጁ ክንድ ላይ ነው።

ቦርከና ወንድሜ፣ የተናገርከው ሁሉ እውነት ነው፤ እኔም በዚያው ልማድ ነው ያደግሁት። አንድ ነገር ግን ልለምናችሁ። ትልልቁ ሰው የፈለገውን ይካፈል። ከአምስት ዓመት በታች ልጅ ያለበት፣ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ያለችበት ቤት ድርሻ አይነካ። ለልጆችና ለእናቶች የሚሰጠው ገንቢ ዱቄት፣ ፋፋ፣ ሲመጣማ ጨርሶ አይነካ። በ2011 በተደረገው ጥናት በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ልጆች 41 ከመቶው ለዕድሜያቸው የሚገባ ቁመት አልነበራቸውም። አዋቂ ሰው ክፉውን ዓመት አልፎ ሥጋውን ይመልሳል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት የተጎዳ ልጅ ግን የቀረበትን ቁመት መልሶ አያገኘውም፤ ትምህርቱም ላይ ይታያል። በ2007 የሰቆጣ ቃል ኪዳን የተገባው ይሄን እስከ 2022 ለማስቀረት ነበር፤ ቀኑ እየቀረበ ነው።

የባቲው (ጥቅምት 6)

ልጆቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። በ1977ቱ ረሃብ ባቲ መጠለያ ውስጥ እህል ሰፋሪ ነበርሁ፤ እድሜዬም ያኔ ለጋ ነበር። የ1965ቱንና የ66ቱንም በልጅነቴ አይቸዋለሁ። መንገድ ዳር የወደቀውን ሰው ያየ የወሎ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል፤ በጃንሆይ መንግሥት ግን ነገሩ ተደብቆ ነው የቆየው። የዕርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን የተቋቋመው ከዚያ በኋላ በ1966 ነው። በሁለተኛው ጊዜ ኮሚሽኑ አልደበቀም። በመጋቢት 1976 ለለጋሾች የእህል ጥሪ አድርጎ ነበር። ዓለም የተነሳው ግን በጥቅምት 1977 የኮረም ምስል በቴሌቪዥን ከታየ በኋላ ነው። ኮረም ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ነበረች።

መጠለያው ምን እንደነበር ልንገራችሁ። ሰው የሚመጣው በሬውን፣ ላሙን፣ በመጨረሻም የቤቱን ጣውላ ሸጦ ነው። እንዲያ ሆኖ የተሰበሰበ ሕዝብ ላይ ኩፍኝ ገባ፣ ተስቦ ገባ፣ ተቅማጥ ገባ። ብዙውን የፈጀው እሱ ነው። ከተረፈውም ስንቱ ወደ ሰፈራ ተጫነ፤ ወደ መተከል፣ ወደ ጋምቤላ፣ ወደ ወለጋ። ዛሬ እህሉ ጎጥ ድረስ ሲመጣና ሰው ከቀዬው ሳይነቀል ሲበላ ሳይ አምላኬን አመሰግናለሁ። ቦርከና የምትለው ጉርብትና የሚቆየው ሰው ከቦታው ካልተነቀለ ነው።

ስለ ልጆቹ ግን የጤና ኬላዋ ልጄ የተናገረችው ትክክል ነው። እኛ ለአዋቂው ደረቅ ራሽን እየሰፈርን እንሰጥ ነበር። የተጎዱት ሕፃናት ግን የሚበሉት በድንኳን ውስጥ፣ እዚያው በአስታማሚዎቹ ፊት ነበር። መጀመሪያ ጭካኔ መስሎኝ ነበር። ነርሶቹ ሲያስረዱኝ፣ ይዛ ከወጣች ለአራት ለአምስት ታካፍለዋለች፣ ደካማው ይሞታል አሉኝ። እንደዚያም ሆኖ ያየሁትን እግዜር ይወቀው።

አንድ ሌላ ነገር ላንሳ፤ ከጉዳያችን ወጣ ቢልም ይጠቅማል። እህል ሲያጥር ደጋው ላይ ሰው ወደ ጓያ ይሄዳል፤ ድርቅ የሚችለው እሱ ነውና። በ1980ዎቹ መጨረሻ ደላንታና ዳውንት በኩል ስንት ጎልማሳ እግሩ ተሳሰረ! በምርኩዝ ቀረ። ለብቻው ዋና ምግብ አድርጋችሁ ሰንብታችሁ አትብሉት። ከሌላ እህል ጋር ቀላቅሉት፤ ዘፍዝፋችሁ ውኃውን ድፉት።

ልፋት ይሻላል (ጥቅምት 7)

ሁላችሁም ስለ አከፋፈል ነው የምታወሩት። እኔ የምለው ስንት ዓመት ሙሉ እህል እየጠበቅን እንኖራለን? እርዳታ ሰውን ከሥራ ያስቀምጣል። ወጣቱ ስሙ እንዳይሰረዝ ብሎ ነግዶ ማደግ ትቷል።

እርከን (ጥቅምት 7)

ልፋት ይሻላል፣ እኔ የሴፍቲኔት ተጠቃሚ ነኝ፤ በተንታ በኩል ነው የምኖረው። ማን እንደተቀመጠ አላውቅም። ከጥር ጀምሮ ተራራው ላይ ድንጋይ እንሰበስባለን፣ እርከን እንሠራለን፣ ጉድጓድ እንቆፍራለን። ከብት ከልክለነው የከረመው ገደል ዛሬ ሣር ያጨድንበታል፤ ደርቆ የነበረ ምንጭም በጋውን ይዘልቃል። የሰፈሩ መንገድም በዚሁ የተሠራ ነው።

ስለ ስም መሰረዝ ያልከው ግን ውስጡ እውነት አለበት። አንድ በግ ጨመርክ ተብሎ «ተመርቀሃል» ተብሎ ከሴፍቲኔት የወጣ ሰው አውቃለሁ፤ በዓመቱ ድርቅ መጥቶ በጉንም ሸጠ። ሰው እድገቱን የሚደብቀው ሰንፎ አይደለም፤ ወድቆ የሚይዘው ስለሌለ ነው። እኔን ይበልጥ የሚያንገበግበኝ መዘግየቱ ነው። ሥራውን በበጋ እንሠራለን፤ የሚቸግረን ከሰኔ እስከ ነሐሴ ነው። ክፍያው አንዳንድ ዓመት አጨዳ ከገባ በኋላ ይመጣል። እስከዚያ ከነጋዴ ተበድረን እህሉ ሲመጣ ለዕዳ ነው የሚሄደው። በሰዓቱ የደረሰ አሥር ኪሎ ዘግይቶ ከመጣ ኩንታል ይሻለኛል።

ምግብ ዋስትና (ጥቅምት 8)

እርከን ያለውን እፈርምበታለሁ። መዘግየቱ የእኛ የመሥሪያ ቤቶቹ ጉድለት ነው፤ የሰነድ መመላለስ፣ የበጀት መልቀቅ፣ የመኪና ማጣት። መንገድ በተዘጋበት ጊዜ ደግሞ እህል ኮምቦልቻ መጋዘን ደርሶ ወረዳ ሳይገባ ይቆያል። እህሉ መጋዘን ስለደረሰ ብቻ ሪፖርት ላይ «ቀርቧል» ተብሎ መጻፉን ግን አልቀበለውም።

የደጋው ልጅ (ጥቅምት 19)

ተመልሻለሁ። ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። በዚያው ቀን ደወልሁ፤ እናቴ ከጎረቤታችን ጋር ልጁን ይዛ ሄደች። ክንዱ 11.2 ሆነ። እብጠት የለውም፤ ፕላምፒናቱንም በልቷል፣ ተመስገን። ለታላላቆቹ እናቴ በየጠዋቱ ቂጣ ትልካለች። ይሄን ጎረቤታችን አልተቃወመችም፤ ለልጅ ቁርስ ነውና ስብሰባ አያፈርስም።

ማካፈሉን በተመለከተ አቤቱታ ከመጻፌ በፊት እናቴ በእድሩ ላይ እንድታነሳው አደረግሁ። ሽማግሌዎቹን አልነቀፈችም። የጤና ኬላዋ ያለችውን ብቻ ተናገረች፤ ትንንሽ ልጅ፣ እርጉዝና የምታጠባ ያለችበት ቤት ድርሻ ይተው አለች። ግማሹ ሰው ተስማማ። አንድ አባወራ ግን ተነስቶ «የእኔም ልጅ ከስቷል፤ ስሜ ግን ከመጀመሪያውም አልወጣም። ለእኔ ልጅ ማን ይተውለት?» አለ። መልስ የሚሰጠው ጠፋ።

የጤና ኤክስቴንሽኗ መጥታ የጎጡን ልጆች በሙሉ ለካች። የሰውየው ልጅ ቢጫው ላይ ሆነ። ስማቸው ካልወጣ ቤቶች ሌሎችም ቢጫ የሆኑ ተገኙ። ስማቸው ከወጣው ደግሞ ልጆቻቸው ደህና የሆኑ አሉ። አሁን የጎጡ ሰው የሚለው «ዝርዝሩ ራሱ ትክክል አይደለም፣ እንዴት በሱ እንመራ?» ነው። ምን ልበላቸው?

ቦርከና (ጥቅምት 19)

ያ አባወራ የተናገረው እኔ ልል ያቃተኝን ነው። እናትህ እግዜር ያቆይልህ፤ በእድር ማንሳቷ ትክክለኛው በር ነው። ለሕፃንና ለእርጉዝ ይተው በሚለው እኔም እስማማለሁ፤ በእኛ መንደርም ከሸሆቹ ጋር እነጋገርበታለሁ። ዘካ ሲከፋፈል አስቀድሞ ለማን እንደሚገባ እንለይ የለም ወይ? እዚህስ ምን ይከለክለናል?

ምግብ ዋስትና (ጥቅምት 20)

የልኬቱ ውጤት በእጃችሁ ካለ ጠንካራ ማስረጃ ነው። እንዲህ አድርጉ። ስም የሚመረጠው በጎጥ ስብሰባ መሆን አለበት፤ የወጣውም ዝርዝር ሰው በሚያየው ቦታ ተለጥፎ መነበብ አለበት። የእናንተ ካልተነበበ ቀበሌው ያንብብላችሁ። ከዚያ በቀበሌው ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ አለ። ዝርዝሩን ያወጡት ሰዎች ራሳቸው ኮሚቴው ውስጥ ካሉ ይሄንንም በቅሬታው ላይ ጻፉት፤ መሆን የለበትም። የቀሩት ቤቶች በየስማቸው ይጻፉ፤ ከስሙ ጎን የልጁ ልኬት፣ የጤና ኬላው ማኅተም ይኑር። በቀበሌ ካልተፈታ ወደ ወረዳ ምክር ቤት ይሄዳል።

«እገሌ ይውጣ» የሚል አትጻፉ። የሚያጋጨው እሱ ነው፤ ወረዳውም እንዲያ ያለ ቅሬታ ሲመጣለት ስም ለስም ቀይሮ ኮታውን እንዳለ ይተወዋል። «ተጨማሪ ኮታ ይፈቀድልን» በሉ። የልኬቱን ውጤት ጤና ጥበቃውም በራሱ መስመር ወደ ላይ ይልከዋል፤ ከሁለት ወገን የደረሰ ቁጥር ለመቁረጥ ያስቸግራል።

ጎረቤትህ ካርዷ ላይ የቤተሰቡ ቁጥር ስንት ተብሎ እንደተጻፈ ተመልከቱ። ድርሻው በሰው ቁጥር ነው፤ ከተመዘገበች በኋላ የተወለደ ልጅ ብዙ ጊዜ ሳይጨመር ይቀራል።

የደጋው ልጅ (ጥቅምት 20)

አሁን ደውዬ አረጋገጥሁ፤ ካርዱ ላይ 3 ነው የሚለው፣ እነሱ አራት ናቸው። ትንሹ አልተጻፈም።

ምግብ ዋስትና (ጥቅምት 20)

የሱ ድርሻ ከመጀመሪያውም አልመጣም ማለት ነው። ይሄ ቅሬታ እንኳ አይባልም፤ እርማት ነው። የልጁን የክትባት ካርድ ይዛ ለቀበሌው ታስመዝግብ። የሚቀጥለው ዙር ዝርዝር ወደ ወረዳ ከመላኩ በፊት ይድረስ።

የጤና ኬላዋ (ጥቅምት 21)

የክትባት ካርዱ ከጠፋባት ጤና ኬላው መዝገብ ላይ ስለሚገኝ ይጻፍላታል፤ አትሸማቀቅ። ለክትትል ስትመለስ ባዶዎቹን የፕላምፒናት ከረጢቶች ይዛ ትሂድ። ልጁ ምን ያህል እንደበላ የሚታወቀው በእነሱ ነው፤ የሚቀጥለው ሳምንትም የሚሰጣት እሱ ታይቶ ነው።